ያ ዳማ ምን ሆነ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፈረስ ውድድርና ስለ ቴሌቪዥን ነው። የፈረስ ወዳጅ ቴሌቪዥን ፊት ሲቀመጥ ምን ሊያይ እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚቀርበትም እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የጀመረኝ እዚሁ ባቱ፣ አንዲት ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ጥር 23 ቀን ነበር። በሩ ላይ ስድስት ሰባት ጋሪ ቆሟል፤ ፈረሶቹ አንገታቸው ላይ በተንጠለጠለው ከረጢት ውስጥ አፋቸውን ከተው ፉርሽካ ያኝካሉ። ባለቤቶቻቸው ውስጥ ናቸው። ሁሉም ሻዩን ረስቶ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ቴሌቪዥን አንጋጧል፤ የአገው ፈረሰኞች በዓል ከእንጅባራ በቀጥታ ይተላለፍ ነበርና። ጥግ ላይ አርባ ዓመት ጋሪ የነዱ፣ ሰፈሩ ሁሉ አባባ የሚላቸው አንድ አባት ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል። ሸርጡ፣ የፍጥነት ውድድሩ፣ ተጀመረ። ፈረሶቹ ከመነሻው ፈነዱ። ከፊት ሁለተኛ የሚጋልበው ግንባረ ቦቃ ዳማ ፈረስ ነበር። አባባ ድንገት በምርኩዛቸው ወለሉን መቱና «እዩት! እዩት! የፊት ግራውን እየሰሰተ ነው፤ ልጁ አላወቀም፤ ያዝ በሉት!» አሉ። ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። በዚያች ቅጽበት ስክሪኑ ላይ ድንኳን መጣ። ድንኳኑ ውስጥ የክብር እንግዶች ተቀምጠዋል፤ ፊት ለፊታቸው የታሸገ ውሃ ተደርድሯል፤ አንዱ እንግዳ ከጎኑ ላለው አንድ ነገር ይነግረዋል፤ ከላይ ዘፈን ተለቅቋል። ካሜራው እዚያ ቆየ፣ ቆየ። ወደ ሜዳው ሲመለስ ሸርጡ አልቆ ሌሎች ፈረሶች በዝግታ ሲሰግሩ አየን።

አባባ ስክሪኑን ትተው እኛን አዩን። «ያ ዳማ ምን ሆነ?» አሉ። የመለሰላቸው የለም። እስከ ስርጭቱ መጨረሻ ጠበቁ። ማን እንዳሸነፈ በመጨረሻ ተነገረ፤ ስለ ዳማው ግን አንድም ቃል አልተሰማም። ሒሳባቸውን ከፍለው ወጡ፤ የራሳቸውን ፈረስ የፊት ግራ እግር ጎንበስ ብለው ከጉልበቱ እስከ ኮቴው ዳሰሱት፤ ከዚያ ነው ጋሪው ላይ የወጡት።

ወገኖቼ፣ ያቺ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣ አለችኝ። ዛሬ የምለው ሁሉ ከእሷ የመጣ ነው። የፈረስ ወዳጅ ቴሌቪዥኑን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ፈረሱን አሳየኝ፤ ካሳየኸኝ በኋላ ደግሞ መሐል መንገድ ላይ አትንጠቀኝ።

ስለ ባቱ ሲጠየቅ መንገደኛ ሰው ደንበል ሐይቅን ይጠራል፤ ዓሣውን፣ የአበባ እርሻውን፣ የወይን ተክሉን ይጠራል። እኛ ግን ይህች ከተማ በፈረስ ጉልበት እንደተገነባች እናውቃለን። ጤፉ ከገበያ ቤት የገባው በጋሪ ነው። ብሎኬቱና አሸዋው የመጣው በጋሪ ነው። ምጥ የያዛት እናት በሌሊት ጤና ጣቢያ የደረሰችው በጋሪ ነው። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ጋሪ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ ተገፍቷል፤ መቂም፣ ሻሸመኔም፣ አዳማም ያው ነው። ጋሪው ቢገፋም እውቀቱ ግን ሰው ውስጥ አለ።

አባቴ ባለጋሪ ነበር። ማታ መብራት ሲጠፋ ደጃፍ ላይ እንቀመጥ ነበር። ከሩቅ የኮቴ ድምፅ ሲመጣ አባቴ ዓይኑን ይጨፍንና «ይሄ የእገሌ ቦራ ነው፤ ዛሬ ጭነት በዝቶበታል» ይላል። ጋሪው ሲደርስ እውነትም ቦራው ነው፤ እውነትም ከበላዩ አሥር ጆንያ ተቆልሏል። በልጅነቴ አስማት ይመስለኝ ነበር። ሳድግ ግን ፈረስ ሲራመድ አራት ኮቴው አንድ በአንድ እንደሚያርፍ፣ በሶምሶማ ሲሄድ ሁለት ሁለት እየሆነ እንደሚመታ፣ መለስ ባለ ግልቢያ ሦስት ምት እንደሚሰማ፣ ሽምጥ ሲጋልብ ደግሞ አራቱም ኮቴ በየተራው መሬቱን እየነካ በጣም ፈጥኖ እንደ ከበሮ እንደሚንከባለል ገባኝ። አንዱ እግር ሲታመም ምቱ ይዛባል። አባቴ የሚሰማው ያንን ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነው ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጠው። ታዲያ ኮቴውን በዘፈን ሸፍነህ ስታቀርብለት ምን ሰጠኸው?

ስለ ዘፈኑ ትንሽ ልቆይበት። ዘፈን አልጠላም፤ ፈረስና ዘፈን በአገራችን አብረው ያደጉ ናቸው። ሜዳው ላይ ራሱ ፈረሰኛው ይፎክራል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ባለ ዋሽንቱ ይነፋል። ያ ድምፅ የውድድሩ አካል ነው። እኔ የምቃወመው በስቱዲዮ የተቀዳ ዘፈን በዚያ ሁሉ ላይ ተደፍቶ ኮቴውን፣ ትንፋሹን፣ የልጓሙን ቅጭልታ፣ የጋላቢውን «እሰይ!» ሲውጠው ነው። ማይክሮፎን ሜዳው ዳር መትከል ውድ ነገር አይደለም። እግር ኳስ ሲተላለፍ ኳሷ ስትመታ እንሰማለን። ለኮቴውስ ምነው ነፈግነው?

አሁን ከዚህ ብዙም ወደማይርቅ ቦታ ልውሰዳችሁ። ከሐይቁ ማዶ ተራራው ላይ አሰላ አለች። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የዚያ አገር ልጅ ነው። መስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ላይ ኃይሌና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት የመጨረሻዋን ቀጥታ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲመጡ በዚህ ከተማ ትንፋሹን ያልዋጠ ሰው ነበር? ኃይሌ የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። ከዓይን እርግብግቢት ያነሰ ጊዜ! እስቲ አስቡት፤ የመጨረሻዋ መቶ ሜትር ላይ ካሜራው ወደ ክብር እንግዶች መቀመጫ ቢዞር ኖሮ ምን እንሆን ነበር? አገሩ በሙሉ ተነሥቶ ይጮህ ነበር። ለአትሌቱ የማንፈቅደውን ለፈረሱ የፈቀድነው ፈረሱን ተወዳዳሪ አድርገን ስላልቆጠርነው ነው። የበዓል ማድመቂያ አድርገነዋል። ልክ እንደ ባንዲራው፣ እንደ አበባው፣ እንደ ድንኳኑ።

የሚገርመው ግን ተንቀሳቃሽ ምስል ራሱ የተወለደው ከፈረስ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በመሮጫው ዳር 12 ካሜራዎች ደረደረ። በመንገዱ ላይ ክር ዘረጋ። ሳሊ ጋርድነር የተባለችው ባዝራ ስትጋልብ ክሮቹን አንድ በአንድ እየበጠሰች ካሜራዎቹን በየተራ አስነሣች። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ፈረስ ሲጋልብ አራቱም እግሮቹ ከመሬት የሚነሡበት ቅጽበት አለ ወይስ የለም? መልሱ አለ ሆነ። ያውም ሠዓሊዎች ለዘመናት ሲስሉ እንደኖሩት እግሮቹ ፊትና ኋላ ተዘርግተው ሳይሆን፣ ሆዱ ሥር ተሰብስበው ነው። እነዚያን ፎቶዎች በተከታታይ ሲያዞሯቸው ፈረሱ ሲጋልብ ታየ። ዛሬ ሲኒማ የምንለው፣ ቴሌቪዥን የምንለው ነገር ዘር እዚያ ተዘራ። የዓይን እውቀት ያለውን ሰው ክርክር ለመፍታት የተሠራ መሣሪያ ነው እንግዲህ ዛሬ ያንኑ ሰው የሚያሳጣው። ቴሌቪዥንም ገና ጨቅላ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 እንግሊዝ አገር ጆን ሎጂ ቤርድ ከስቱዲዮ ወጥቶ የሞከረው ስርጭት የኤፕሰም ደርቢን፣ የፈረስ ውድድርን ነበር። የእኛ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያ ሁሉ ልምድ ተከማችቶ ነበር።

እዚህ ላይ ጥሩ የተሠራ ነገር ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ1973 ኒውዮርክ ቤልሞንት ሜዳ ላይ ሴክሬታሪያት የሚባል ዳማ ሮጠ። ርቀቱ ወደ 2,400 ሜትር ነው። ከግማሹ በኋላ ብቻውን ወጣ። ያሸነፈው በ31 የፈረስ ርዝመት ሲሆን የገባበት ሰዓት 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ነው፤ በዚያ ርቀት በአፈር መሮጫ ላይ እስከ ዛሬ የበለጠው የለም። የዚያን ቀን ፊልም ያየ ሰው የማይረሳው አንድ ነገር አለ። ካሜራማኑ ሴክሬታሪያትንና ተከታዮቹን በአንድ ስክሪን ውስጥ ለመያዝ ምስሉን ወደ ኋላ ይስባል፤ ፈረሱ ደግሞ ይርቃል፤ ምስሉን እንደገና ያሰፋዋል፤ አሁንም ይርቃል። በመጨረሻ ፈረሱ ትንሽ ሆኖ፣ ከኋላው ያለው ባዶ ሜዳ ግን ሰፍቶ ይታያል። የዚያ ፈረስ ታላቅነት የታየው በዚያ ባዶ ሜዳ ነው። ካሜራማኑ ፈረስን የሚያውቅ ነበር፤ መቼ መቅረብ፣ መቼ መራቅ እንዳለበት ያወቀው ለዚህ ነው። የእኛ ድሮን ግን ገና ከመነሻው ሰማይ ላይ ይወጣና ሁሉንም ጉንዳን ያደርገዋል፤ ከዚያ ካሜራው ይወርድና የአንዱን ፈረስ ዓይን ብቻ ስክሪኑን ሙሉ ያደርገዋል። ጉንዳንም ዓይንም ብቻውን ውድድር አይሆንም። ውድድር ማለት በፊተኛውና በኋለኛው መካከል ያለው ርቀት ነው፤ የሚሰፋው፣ የሚጠበው እሱ ነው፤ ልባችን የሚንጠለጠለውም እዚያ ላይ ነው።

ጉግስ ደግሞ ሌላ ጥበብ ይጠይቃል። አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል። አሳዳጁ ዘንጉን ይወረውራል፣ ሸሺው በጋሻው ይመክታል። ካሜራው ሁልጊዜ የሚከተለው ወርዋሪውን ነው። በእኔ እምነት መከተል ያለበት ሸሺውን ነው። ምክንያቱም የጉግስ ውበት ያለው ፈረሱ ወደፊት ሽምጥ እየሄደ ሰውየው ኮርቻው ላይ ወደ ኋላ ሲዞር፣ ዛቡን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ጋሻውን ሲያነሣ፣ በጉልበቱ ብቻ ፈረሱን ሲያናግረው ነው። ፈረሱ የሰውየው ክብደት ሲዞር እየተሰማው መስመሩን አይለቅም። ያንን ያሠለጠነው ማን ነው? ስንት ክረምት ፈጀበት? በጃንሜዳ የጥምቀት ጉግስ ያየ ሽማግሌ ይህን ቁጭ ብሎ ሲተነትን ብትሰሙ ሰዓታችሁን ትረሳላችሁ። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ግን ማይክሮፎን ሲሰጠው አላየሁም። ማይክሮፎኑ የሚሰጠው «በዓሉን እንዴት አገኙት?» ለሚባለው ሰው ነው።

ስለዚህ ተራኪው ጉዳይ ላይ ደረስን። እ.ኤ.አ. በ1967 እንግሊዝ አገር ኤንትሪ ሜዳ ላይ ግራንድ ናሽናል የሚባለው ታላቅ የመሰናክል ግልቢያ ሲካሄድ 23ኛው አጥር ላይ አንድ ጋላቢ የሌለው ፈረስ መንገድ ዘጋ። ከኋላ የመጡት ፈረሶች ተደራርበው ቆሙ፣ ተጋጩ፣ ጋላቢዎቹ ተወረወሩ። አቧራና ትርምስ ሆነ። በዚያ መካከል ከኋላ ቀርቶ የነበረ፣ ማንም ያሸንፋል ብሎ ያልጠረጠረው፣ መቶ ለአንድ የተወራረዱበት ፎይናቨን የሚባል ፈረስ ክፍተቷን አግኝቶ ዘለለና ብቻውን ወጣ። እስከ መጨረሻውም አልተያዘም። አየርላንዳዊው ተራኪ ማይክል ኦሄር በዚያች ቅጽበት ስሙን ጠራው። እንዴት አወቀው? ከውድድሩ በፊት ወደ ጋላቢዎቹ መልበሻ ክፍል ሄዶ የልብሳቸውን ቀለም አጥንቶ ነበር። ማንም የማይጠብቀውን ፈረስ ጭምር አጥንቶታል። ዛሬ ያ አጥር የሚጠራው በፈረሱ ስም ነው።

አድማጮቼ፣ ስም ሲባል ወደ ራሳችን እንመለስ። በዓለም ላይ ሰው በፈረሱ ስም የሚጠራበት አገር ስንት አለ? አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ናቸው። አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። ገጣሚውም አልቃሹም ጀግናውን ሲጠራ በፈረሱ ይጠራዋል። የፈረሱ ስም የሰውየው ክብር ነበር። የፈረስ መልክ የምንጠራባቸው ቃላት እንኳ ሁለት ቋንቋ ያዋለዳቸው ናቸው፤ ጉራቻ ብንል በኦሮምኛ ጥቁር ማለት ነው፣ አማርኛም የራሱ አድርጎ ይዞታል። ዳማ፣ ቦራ፣ ሻንቆ፣ መጋላ፣ አምባላይ እያልን ስንጠራ ከሰላሌ እስከ ባሌ፣ ከጎጃም እስከ አርሲ እንግባባለን። እንዲህ ባለ አገር ላይ ነው ቴሌቪዥኑ «ፈረሶቹ በመሮጥ ላይ ይገኛሉ» ብሎ የሚያልፈው። ስሙ ማን ነው? የማን ፈረስ ነው? ከየት ወረዳ መጣ? ስንት ዓመቱ ነው? አምና ሮጦ ነበር? ይህን ለማወቅ ጋዜጠኛው ከዋዜማው ቀን ጀምሮ ደብተር ይዞ ፈረሶቹ በታሰሩበት ቢዞር ይበቃል።

በዚህ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ነገር አንሥቼ ማለፍ አለብኝ፤ ምክንያቱም ለቴሌቪዥን ከእነሱ የተሻለ ዕድል አይገኝም። ማኅበራቸው የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ በ2017 ዓ.ም. 85ኛ ዓመቱን አከበረ። በጠላት ወረራ ዘመን የተወለደ ማኅበር ነው፤ የዓድዋንና የአርበኞቹን ፈረሶች ውለታ ያስባል። ዛሬ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። በየዓመቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ሲሰበሰቡ ጉግሱ፣ ሸርጡ፣ ስግሪያው አለ። እያንዳንዱ ውድድር የራሱ ደንብ፣ የራሱ ዳኝነት አለው። ስግሪያ ላይ ፍጥነት ዋጋ የለውም፤ የሚታየው የፈረሱ አረማመድ፣ የአንገቱ አቀማመጥ፣ የጋላቢው እርጋታ ነው። ዳኛው ያየውን ተመልካቹ እንዲያይ ካልተነገረው ግን ስግሪያ ያጌጡ ፈረሶች ዝም ብለው ሲያልፉ ይመስለዋል። ከዓመት እስከ ዓመት ለዚያች ቀን ፈረሱን የቀለበ ሰው ልፋት በግማሽ ደቂቃ ያልፋል።

ወደ እኛ ስንመጣ የኢሬቻ በዓል አለ፤ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ የሚወርደውን ፈረሰኛ ታውቁታላችሁ። አርሲና ባሌ የፈረስ አገር ነው። የባሌ ፈረስ፣ የሰላሌ ፈረስ፣ የሆሮ ፈረስ፣ የቦረን ፈረስ፣ በምሥራቅ ሐረርጌ ቁንዱዶ ተራራ ላይ ያለ ባለቤት የሚኖረው የዱር ፈረስ፤ ተመራማሪዎች እነዚህን በየራሳቸው ዝርያ ለይተዋቸዋል። በአገራችን ወደ 2 ሚሊዮን ፈረስ አለ፤ በአፍሪካ ይህን ያህል ያለው ሌላ አገር የለም። ፈረስ ጉግስና ፈረስ ሸርጥም ከኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች የውድድር ዓይነቶች ይቆጠራሉ። ውድድሩ አለ፣ ፈረሱ አለ፣ ተመልካቹ አለ። የጎደለው በመካከል ያለው ዓይን ነው።

የቴሌቪዥን ሰዎችን ችግር አልክድም፤ አንዳንዶቹን አነጋግሬያቸዋለሁ። የቀጥታ ስርጭት መኪና ውድ ነው፤ ሦስት ካሜራ ይዘው ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሜዳ ይሸፍናሉ። አንዱ ካሜራ ድንኳኑ ላይ እንዲሆን ከአዘጋጆቹ ይታዘዛሉ። ሜዳው አጥር የለውም፤ ሕዝቡ መስመሩን ይዘጋዋል። ፈረሱ ላይ ቁጥር የለም፤ ሩቅ ሆኖ ለይቶ መጥራት ይከብዳል። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ሸክሙ የእነሱ ብቻ አይደለም። አዘጋጆች ግላሱ ላይ ቁጥር መስፋት ይችላሉ፤ ቀላል ነገር ነው። የእንግዶች ንግግር ከውድድሩ በፊት ወይም በኋላ ይሁን፤ መሐል አይግባ። ሦስት ካሜራ ካለ አንዱ መነሻው ላይ፣ አንዱ መድረሻው ላይ፣ አንዱ ከሜዳው ጎን በሚሄድ መኪና ላይ ይሁን፤ ድንኳኑን በስልክ ፎቶ አንሥቶ ማታ በዜና ማሳየት ይቻላል። ተራኪው አጠገብ አንድ ፈረስ አዋቂ ሽማግሌ ይቀመጥ። ሌላው ወንበር ላይ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ቢኖር እጅግ ደስ ይለኛል፤ ቢሾፍቱ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ የጋሪ ፈረስ ቁስልና ስብራት ሲያክም የኖረ ሐኪም ከዚያ አይጠፋም። የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ ዋና መሥሪያ ቤትም ያለው አዳማ ነው፤ ከዚህ በመቂ፣ በዓለም ጤናና በሞጆ አድርገን ጠዋት ተነሥተን ከምሳ በፊት የምንደርስበት ነው። ሄደን እንንገራቸው፤ ተመልካች ካልጠየቀ ማን ይጠይቅላቸዋል?

ሐኪሙን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። ፈረስ ይወድቃል፤ እግሩ ይሰበራል፤ ይታመማል። በውጭ አገር ሜዳዎች ፈረስ ሲወድቅ በመጋረጃ ይከልሉታል፤ ካሜራውም ያልፈዋል። ስቃዩን እያጎሉ ማሳየት ነውር ነውና ይህ ይገባኛል። ግን ዝም ማለትም ነውር ነው። ተመልካቹ ያንን ፈረስ ሲጀምር አይቶታል፤ በዓይኑ ይዞት ሄዷል። ሐኪሙ አይቶት ደኅና ከሆነ ደኅና ነው በሉን፤ ካልሆነም ደኅና አይደለም ብላችሁ ንገሩን። እንዲህ ሲደረግ ጋላቢውም የታመመ ፈረስ ወደ ሜዳ ለማውጣት ያፍራል። አገር ሁሉ እያየው ነዋ!

አሁን ደግሞ ልቤን የሚያደማውን ልናገር። በአንዳንድ ከተሞች የውርርድ ቤት ስክሪን ላይ ፈረስ አይቻለሁ። ኮምፒውተር የሠራው ፈረስ ነው። ላብ የለውም፤ ትንፋሽ የለውም፤ ቢወድቅ አይሰበርም። በየጥቂት ደቂቃው ይሮጣል፤ በየጥቂት ደቂቃው ወጣት ልጅ ወረቀቱን ቀድዶ ይጥላል። ከስክሪኑ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የአንድ ባለጋሪ እውነተኛ ፈረስ ቆሞ ጅራቱን ያወዛውዝ ነበር፤ ከልጆቹ ወደ እሱ ዞር ያለ አልነበረም። ስለ ፈረስ የሚያውቁት ቁጥሩን ብቻ የሆነ ትውልድ ልናሳድግ ነው። ቴሌቪዥናችን እውነተኛውን ፈረስ በወጉ ቢያሳይ ኖሮ ይህ የሐሰት ፈረስ ያን ያህል ዓይን ባልያዘ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዚያች ጥር 23 ወር እንኳ ሳይሞላ እዚሁ ሐይቁ ዳር ጥቂት ልጆች በሰንበት ፈረሶቻቸውን ከጋሪ ፈተው ይጋጠሙ ነበር። አንድ ልጅ ሞተር ሳይክል ላይ ከኋላ ተቀምጦ ከጎናቸው እየሄደ በስልኩ ቀረጸ። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴ ሰማዩ ብቻ ይታያል፤ የስክሪኑ ግማሽ አቧራ ነው። ግን ከመነሻ እስከ መድረሻ አልተቆረጠም። የሞተሩ ድምፅ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ኮቴው አለ፤ የፈረሶቹ ትንፋሽ አለ። ልጁ እየጮኸ ስማቸውን ይጠራል፤ ማን ቀደመ፣ ማን ተቀደመ ይላል።

ስልኩን ይዤ ወደዚያች ሻይ ቤት ሄድኩ። አባባ ጥጋቸው ላይ ናቸው። መነጽር አልያዙም ነበር። ስልኩን ሰጠኋቸው። ትንሽ አዩት፤ ዓይናቸውን አጠበቡ፤ መልሰው ሊሰጡኝ ነው ስል ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። ሻይ ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም አለ። እስከ መጨረሻው ሰሙት። «ድገመው» አሉኝ። ደገምኩላቸው። በሦስተኛው ምርኩዛቸውን ከወለሉ አንሥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «የመጀመሪያው ጤነኛ ነው። ሁለተኛው የቀኝ ኋላውን ይሰስታል፤ ባለቤቱ የት እንደሚኖር ታውቃለህ?» አሉ።

ያን ቀን ማታ ከልጁ ጋር ሄደን ለባለቤቱ ነገርነው። ፈረሱን አወጣልን። የቀኝ ኋላ እግሩን በስልክ መብራት ስናየው ከኮቴው ሥር ጠጠር ተሰንቅሮ አገኘን።